ፎቶው አልተቆረጠም፦ የተደራረቡ ሳጥኖች ኢፌክት እንዴት ይሠራል?

የምርቃት ሰሞን ቴሌግራምም ፌስቡክም ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይበዛል። ተመራቂዋ ጥቁር ጋዋን ለብሳ ቆማለች። እናቷ በነጭ የሐበሻ ቀሚስ አጠገቧ አሉ። ከኋላቸው የግቢው በር ይታያል። ፎቶው ግን አንድ ወጥ አይደለም። ነጭ ጠርዝ ያላቸው ሳጥኖች ተደርድረውበታል። አንዱ ሳጥን በከፊል ሌላው ላይ ወጥቷል፣ ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ከሥሩም ጥላ አለው። ሳጥኖቹ ውስጥ ያለው በቀለም ነው፤ ከሳጥኖቹ ውጭ ያለው ጥቁርና ነጭ።

ይህን አይቶ "ስንት ቦታ ቆራርጦ ነው የገጣጠመው?" የማይል ጥቂት ነው። ራሴ ልሞክረው ብሎ ፎቶሾፕ የሚከፍተውም ከዚሁ ይነሳል። ፎቶውን በካሬ በካሬ ይቆርጣል፣ ቁራጮቹን እዚህም እዚያም ያደርጋል፣ ከዚያ የልጅቷ አገጭና አንገት አልገናኝ ይሉታል። መልሶ ለመግጠም ሲታገል ያመሻል።

ልፋቱ በከንቱ ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ የሚቆረጥ ነገር የለም።

እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሙሉው ፎቶ ነው። ስድስት ሳጥን ካለ ስድስት ሙሉ ፎቶ አለ፤ ከሥር ከተነጠፈው ጋር ሰባት።

ኮምፒውተሩን ለጊዜው እንተወው። ያንኑ ፎቶ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በአንድ መጠን ሰባት ጊዜ አሳተማችሁት እንበል። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አነጠፋችሁ። ሁለተኛውን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላችሁ ከላዩ አስቀመጣችሁ። አሁን ከሁለተኛው ላይ የተመራቂዋ ፊት ያለበትን ካሬ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን አነሳችሁት። የቀረችው ካሬ ከሥሯ ካለው ፎቶ ጋር ልክ ለልክ ትገጥማለች፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችማ። ሦስተኛውንም እንዲሁ ከላይ አድርጋችሁ እጇ ያለበትን ካሬ አስቀራችሁ። እያንዳንዱ ንብርብር የሚያሳየው ሌላ ሌላ ቦታ ነው። የተቀመጡት ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ አንድ ነው፦ የተሸሸገው የፎቶው ክፍል አይጠፋም። እንዳለ አለ፤ እንዳይታይ ብቻ ነው የተደረገው። ስለዚህ ካሬዋን ወደ ግራ ገፋ ብታደርጓት በስተግራ ተሸሽጎ የነበረው ብቅ ይላል። ሳጥን የምንለው እንግዲህ መስኮት ነው። መስኮቱ ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶው አይንቀሳቀስም። ከዚህ በኋላ የምናወራው ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚመጣ ነው።

ከተራ ኮላጅ የሚለየውም በዚሁ ነው። ስልክ ላይ ያሉት የኮላጅ አፖች የተለያዩ ፎቶዎችን በየሳጥኑ ያስገባሉ፤ ልደት፣ ሰርግ፣ ሽርሽር። እዚህ ግን ሁሉም ሳጥን የሚያየው አንዲት ቅጽበት ነው።

ለሁሉም ሳጥን አንድ ፎቶ ለምን አይበቃም?

ነገሩ የገባው ሰው ወዲያው ይህን ይጠይቃል። ስድስቱንም መስኮት አንድ ላይ አድርጌ ፎቶውን አንዴ ብቻ ባስገባበት ምን ይጎድላል?

ሳጥኖቹ ካልተነካኩ ምንም አይጎድልም። ከተደራረቡ ግን መደራረቡ ራሱ ይጠፋል። ሁለት መስኮቶች ሲነካኩ ተዋህደው አንድ ትልቅ ቅርጽ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ጠርዝ አይኖርም፣ ጥላ የሚያርፍበት ቦታም አይኖርም። ላይኛው ሳጥን ጥላውን የሚጥለው ታችኛው ሳጥን ውስጥ ባለው ፎቶ ላይ ነው። ያ እንዲሆን የታችኛው ሳጥን ፎቶ ከጥላው ሥር፣ የላይኛው ሳጥን ፎቶ ደግሞ ከጥላው በላይ መሆን አለበት። አንድ ፎቶ በአንዴ ከሥርም ከላይም ሊሆን አይችልም። ለእያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ኮፒ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌየር፣ ማስክ፣ ክሊፒንግ ማስክ፦ ምንና ምን ናቸው?

ሌየር ምስሉ ከተሠራባቸው ንብርብሮች አንዱ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ማንቀሳቀስ፣ መደበቅ፣ መሰረዝ ይቻላል፤ ሌሎቹ አይነኩም። ዛሬ የማይሠራበት የለም፣ ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች የጀመሩት ፎቶሾፕ በፈረንጆቹ 1990 ገበያ ላይ ሲወጣ ሌየር የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ነገር ፎቶው ላይ ለጥፋችሁ አንዴ ካሳረፋችሁት ከሥሩ የነበረው ጠፋ ማለት ነው። ሌየር የመጣው በ1994፣ ከሦስተኛው ቨርዥን ጋር ነው። ከዚያ በፊት ይህን ኢፌክት መሥራት አይቻልም ባይባልም፣ አንዱን ሳጥን ዝቅ ላድርገው ያለ ሰው ሥራውን እንደገና መጀመር ነበረበት።

ማስክ የአንድን ሌየር የተወሰነ ክፍል የሚሸሽግ ነው። ማስኩ ላይ ነጭ የሆነው ቦታ ይታያል፣ ጥቁር የሆነው ይሸሸጋል።

ክሊፒንግ ማስክ ደግሞ ይህን ሥራ ለታችኛው ሌየር ይሰጠዋል። ላይኛው ሌየር የሚታየው ታችኛው ላይ ቅርጽ ባለበት ብቻ ይሆናል። ታች ካሬ ካለ ፎቶው በካሬ ይታያል፤ ታች ክብ ካለ በክብ፤ ታች "እንኳን ደስ አለሽ" የሚል ጽሑፍ ካለ በፊደሎቹ ውስጥ። የታችኛው ቅርጽ ቀለም ቀይ ይሁን አረንጓዴ ለውጥ የለውም፣ ፎቶው ይሸፍነዋል። ለእኛ ሥራ ከተራው ማስክ ይሄኛው የሚመረጠው ቅርጹና ፎቶው ሁለት የተለያዩ ሌየሮች ስለሆኑ ነው። ፎቶውን ሳትነኩ መስኮቱን ብቻ እንደልብ መጎተት ይቻላል።

አንዱ ሳጥን እንዴት ይሠራል?

ፎቶው 3000 በ2000 ፒክስል ነው ብለን እንነሳ። ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት።

መጀመሪያ የፎቶውን ሌየር ኮፒ አድርጉ፤ ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮልና ጄ ነው። የታችኛውን መርጣችሁ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። እሱ መደቡ ነው፤ ከዚህ በኋላ አትነኩትም።

ቀጥሎ በሁለቱ የፎቶ ሌየሮች መካከል 700 በ700 የሆነ ነጭ ካሬ በሬክታንግል ቱል ሥሩ። ከእሱ በላይ 660 በ660 የሆነ ሌላ ካሬ፣ መሃል ለመሃል አድርጉ። ትንሹ ካሬ መስኮቱ ነው። ትልቁ በአራቱም ጎን 20 ፒክስል ስለሚተርፍ ነጭ ጠርዝ ይሆናል። አሁን ከሁሉም በላይ ያለውን የቀለም ፎቶ መርጣችሁ ኮንትሮል፣ ኦልትና ጂ ተጫኑ። ፎቶው ድርግም ብሎ ትንሹ ካሬ ውስጥ ይገባል። ማክ የምትጠቀሙ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ፣ በኦልት ፈንታ ኦፕሽን በሉ።

ጠርዙን ስትሮክ በሚባለው ኢፌክት መሥራትም ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንዲያ ያደርጋል። እኔ ሁለት ካሬውን እመርጣለሁ። በየትኛውም ፕሮግራም ያው ስለሆነ፣ ከታች ያለውን ጠርዝ ሰፋ ማድረግ ለፈለገም ስለሚመች።

የቀረው ጥላው ነው። ድሮፕ ሻዶው የሚሰጠው ለነጩ ካሬ ነው። ለፎቶው ሰጥቶ "ጥላው እምቢ አለኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። ፎቶው መስኮቱ ውስጥ ታስሯል፤ ጥላውም አብሮ ስለታሰረ ወደ ውጭ አይወጣም። ለመነሻ ኦፓሲቲ 50፣ ዲስታንስ 15፣ ሳይዝ 30 ብታደርጉት ለዚህ መጠን ፎቶ ይመጥናል። ኦፓሲቲ የጥላው ክብደት ነው፣ ዲስታንስ ከሳጥኑ የሚርቅበት ልክ፣ ሳይዝ ደግሞ ጫፉ የሚሳሳበት።

በመጨረሻ ሦስቱን ሌየሮች፣ ማለትም ነጩን ካሬ፣ መስኮቱንና ፎቶውን፣ አንድ ላይ መርጣችሁ በኮንትሮልና ጂ ግሩፕ አድርጓቸው። አንድ ሳጥን ማለት ይህ ግሩፕ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ላይ ለምን ይበላሻል?

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ግሩፑን ኮፒ ያደርጋል፣ ኮፒውን ወደ እናትየው ይጎትተዋል። ሳጥኑ ደረሰ። ውስጡ ግን ያለው የልጅቷ ፊት ነው። የእናት ነጠላ ላይ የልጅ ፊት ጉብ!

ምክንያቱ ቀላል ነው። ግሩፑ ሲጎተት ሦስቱም ሌየሮች አብረው ሄዱ፤ ፎቶውም ጭምር። መስኮቱ ብቻ መሄድ ሲገባው ቤቱም ተከትሎ ሄደ።

መፍትሔው ግሩፑን ከፍታችሁ ነጩን ካሬና መስኮቱን ብቻ መምረጥና እነሱን መጎተት ነው። ፎቶው ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሳጥኑ ወደ እናትየው ሲጠጋ ውስጡ ያለው ምስል ይቀያየራል፤ የልጅቷ ትከሻ ያልፋል፣ የጋዋኑ እጅጌ ያልፋል፣ ከዚያ የእናት ፊት ይመጣል። ይህን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ሁለተኛ ስለ ኢፌክቱ ማብራሪያ አይፈልግም። እጅ እንዳያመልጥ ከፈለጋችሁ ገና ኮፒ ሳታደርጉ የፎቶውን ሌየር ፖዚሽኑን ቆልፉት። የሌየር ፓነሉ ላይ ባለአራት አቅጣጫ ቀስት ያለው ምልክት ነው።

ማዘንበሉም ያው ሕግ ነው። ነጩን ካሬና መስኮቱን ብቻ መርጣችሁ ኮንትሮልና ቲ ብላችሁ ካዞራችሁ ሳጥኑ ይዘምማል፣ ውስጡ ያለው ሰው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፎቶውን ጨምራችሁ ካዞራችሁ ሰውየውም አብሮ ይዘምማል፤ መስመሮቹም ከአጎራባች ሳጥን ጋር አይገጥሙም። ይህ ሁለተኛው አሠራር ስህተት ነው ማለት አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የተበተኑ ፎቶዎችን ለመምሰል ሆን ብለው እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፣ ከአምስት ዲግሪ ካላለፈ ያምራልም። ምን እየሠሩ እንደሆነ ማወቁ ነው ቁም ነገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመንገዱ በፊት ይታሰብ። ስድስት ኮፒ ካወጣችሁ በኋላ የልጅቷን ፊት ትንሽ ላፍካው ብትሉ ስድስት ቦታ መሥራት ሊመጣባችሁ ነው። ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ፎቶውን ስማርት ኦብጀክት፣ ማለትም ኮፒዎቹ ሁሉ አንድ ምንጭ የሚጋሩበት ሌየር፣ ብታደርጉት ግን አንዱን ከፍታችሁ ስታስተካክሉ ሁሉም ይስተካከላል።

ጥላው ዓይናችንን እንዴት ይሸውዳል?

ስክሪን ጠፍጣፋ ነው። ከላይ ከታች የሚባል የለውም። ዓይናችን "ይሄኛው ከላይ ነው" የሚለው በሁለት ምልክት ነው። አንዱ መሸፈን ነው፦ የአንዱ ጠርዝ ሳይቋረጥ ሲያልፍ የሌላው ከተቋረጠ፣ ያልተቋረጠው ከፊት ነው። ሌላው ጥላ ነው።

ኮምፒውተሩ ጥላ የሚሠራው በማባዛት ነው። የአንድ ፒክስል ድምቀት ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይለካል፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ንጹሕ ነጭ። ድምቀቱ 200 የሆነ ቦታ ላይ 50 በመቶ የሆነ ጥቁር ጥላ ሲያርፍ 100 ይሆናል። ወደ ጥላው ጫፍ፣ ክብደቱ 10 በመቶ ብቻ የሆነበት ጋ፣ 180። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ 200 ይመለሳል። ዓይን ይህን ቀስ በቀስ መሳሳት ሲያይ "ወረቀቱ ከፍ ብሏል" ይላል።

እዚህ ላይ የምርቃት ፎቶ አስቸጋሪ ነው፣ ለመማር ግን ከእሱ የተሻለ የለም። የእናትየው ቀሚስ ድምቀት 240 ገደማ ቢሆን ጥላው 120 ያደርገዋል። ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ጋዋኑ ግን መጀመሪያውኑ 20 ነው። ጥላው ሲያርፍበት 10 ይሆናል። ከ20 እና ከ10 የቱ እንደሚጨልም በስልክ ስክሪን ማንም አይለይም። ጋዋን ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል።

ነጩ ጠርዝ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ጋዋን ላይ 255 ከ20 ጎን ስለሚቆም ፍንትው ይላል። ቀሚሱ ላይ ግን 255 ከ240 ጋር ተጎራብቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ጥቁሩ ላይ ጠርዙ ሳጥኑን ይለየዋል፣ ነጩ ላይ ጥላው። አንዱን ብቻ ያደረገ ሰው ከፎቶው ግማሹ ላይ ሳጥኑ ይጠፋበታል፤ ምን እንደጎደለውም አይገለጥለትም። ሁለቱም አንድ ላይ የሚደረጉት ለጌጥ አይደለም።

ሌላው የጥላው አቅጣጫ ነው። አንዱ ሳጥን ጥላውን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ከጣለ ነገሩ ሁሉ ውሸት ይመስላል። ፎቶሾፕ ላይ ድሮፕ ሻዶው ውስጥ ግሎባል ላይት የሚለው ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሆናል።

ሳጥኖቹን የት ላስቀምጥ? ስንት ይሁኑ?

ቁጥር የተቀመጠለት ሕግ የለም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ነጭ ጠርዝ ዓይን ላይ አይለፍ። ግንባር ላይ ቢያልፍ ይቻላል፣ ትከሻ ላይ ቢያልፍ ያምራል፤ ዓይን ወይም አፍ ላይ ካለፈ ግን ሰውየው የተቆረጠ ይመስላል። ስለዚህ ፊቶቹን የያዙትን ሳጥኖች መጀመሪያ አስቀምጡ፣ በሌየር ተራም ከላይ አድርጓቸው። ሌሎቹ ከሥራቸው እየገቡ ቦታ ይሙሉ።

መጠናቸው ሁሉም እኩል ሲሆን የመስኮት ፍርግርግ ይመስላል። ለፊት ትልቅ፣ ለእጅና ለአበባ ትንሽ ይሻላል። ከሥር ያለው ፎቶም ትንሽ ይታይ። ሙሉ በሙሉ በሳጥን ከተሸፈነ ጥቁርና ነጩ መደብ ሥራ የለውም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከኮምፒውተር በፊት ነበረ። ፖላሮይድ ኤስኤክስ 70 የተባለው ካሜራ በ1972 ሲወጣ ፎቶው ነጭ ጠርዝ ባለው ካርድ ወጥቶ እዚያው በራሱ ይታጠብ ነበር። ምስሉ ካሬ ነው፣ 79 ሚሊ ሜትር በ79። የታችኛው ጠርዝ የሰፋው ለውበት ተብሎ አይደለም፤ ፎቶውን የሚያጥበው ኬሚካል የሚቀመጠው እዚያ ነው። ዛሬ ፎቶሾፕ ላይ የታችኛውን ጠርዝ የምናሰፋው ያንን ለመምሰል ነው፣ ኬሚካል የለም እንጂ።

በ1982 እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ አንድን ሰው ወይም አንድን ክፍል በብዙ ፖላሮይድ አንስቶ በረድፍ መደርደር ጀመረ። በዚያው ዓመት ቆየት ብሎ ደግሞ ተራ የታተሙ ፎቶዎችን አንዱን በአንዱ ላይ እያስደገፈ ይሠራ ነበር። የእሱ ግን እውነተኛ ብዙ ፎቶ ነው። እያንዳንዱ በሌላ ቅጽበት፣ በትንሹ ከተለየ ቦታ የተነሳ ስለሆነ የአንድ ሰው ጭንቅላት ሁለት አቅጣጫ ሊያይ ይችላል። የእኛው የዚያ ሥራ መልክ ብቻ ነው ያለው።

ፎቶሾፕ ለሌለውስ?

አዳዲሶቹ የፎቶሾፕ ቨርዥኖች ከ2013 ወዲህ የሚገኙት በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈል ራሱ ጣጣ ስለሆነ ብዙ ሰው ክራክ ይጭናል፣ ከክራኩ ጋር ቫይረሱንም ይጭናል። ለዚህ ሥራ ክራክ አያስፈልግም። ፎቶፒ የሚባለው ፕሮግራም ብሮውዘር ላይ በነፃ ይሠራል፤ መልኩም ትዕዛዞቹም ከፎቶሾፕ ጋር በጣም ይመሳሰላሉ። ክሊፒንግ ማስክም ድሮፕ ሻዶውም አለው። ፎቶውን የሚሠራው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አይልከውም።

ጂምፕ የሚባለው ፕሮግራምም ነፃ ነው። እዚያ ላይ ለየፎቶው ኮፒ ተራ ማስክ ጨምሮ ካሬውን ነጭ፣ ሌላውን ጥቁር መቀባት ይቀላል። አሠራሩ ይለያል፣ ውጤቱ አንድ ነው።

ስጨርስ በምን ላስቀምጠው?

በሁለት። አንዱ ፒኤስዲ ነው፤ ሌየሮቹን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል፣ ነገ "ይቺን ሳጥን ዝቅ አድርጋት" ስትባሉ የምትከፍቱት እሱን ነው። ሌላው ጄፔግ ነው፤ የምትልኩት። ጄፔግ ሌየር አያውቅም፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆ ያስቀምጠዋል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ፒኤስዲውን ሥራው መሃል ላይም እያስቀመጣችሁ ሂዱ።

የጠርዙን ውፍረት ስትወስኑ የት እንደሚታይ አስቡ። ያቺ 20 ፒክስል፣ ፎቶው በኢንች 300 ፒክስል ሆኖ 25.4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲታተም፣ 1.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ለአልበም ጥሩ ነው። ያው ፎቶ 2 ሜትር ስፋት ባለው ባነር ላይ ሲወጣ ደግሞ ጠርዟ ወደ 1.3 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ቴሌግራም ላይ በፎቶነት ስትልኩት ደግሞ ፎቶው ሊያንስ ይችላል። ስፋቱ ወደ 1280 ፒክስል ከወረደ ከ20ው የሚቀረው 8 ተኩል ገደማ ነው፤ ይታያል። ጠርዙን 3 ፒክስል አድርጎ የሠራ ሰው ግን የሚቀረው አንድ ፒክስል አካባቢ ስለሆነ ጠርዙ አለ ለማለትም ይከብዳል። ለማተሚያ ቤት የምትልኩ ከሆነ በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት ላኩት፤ በፋይል የተላከ አይቀነስም።